የካንሰር ዕጢ ዙሪያው አሲዳማ ከሆነ ሶዲየም ባይካርቦኔት መጠጣት ለምን አይረዳም?

አስታማሚ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞቴራፒ ከጀመረች ይህ ሦስተኛ ዙሯ ነው። ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ ፈሳሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ካንሰር የሚኖረው በአሲድ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ደሟን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ማድረግ አለብን» ብሎ፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዲየም ባይካርቦኔት (ሶዳ የምንለውን ዱቄት) በውኃ በጥብጦ ያጠጣታል። ከዚያ ሽንቷን በቀለም ወረቀት ይለካል። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ባደላ ቁጥር ፊቱ ይፈካል፤ እሷም እሱን ላለማሳዘን ስትል ትጠጣለች።

ባለፈው ሳምንት ማስታወኳ ስለበዛ ነገሩን ለአንድ የሕክምና ባለሙያ አነሳሁ። «የካንሰርና የአሲድ ነገር ተረት ነው» ብሎ ዘጋው። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን የካንሰር ዕጢዎች በእርግጥ አሲዳማ መሆናቸውን የሚገልጹ የምርምር ጽሑፎች አገኘሁ። አሁን ማንን እንደማምን ግራ ገብቶኛል። እውነቱ ምንድን ነው? አሲዱ ካለስ፣ ሶዳው ለምን አያጠፋውም?

የሕዋስ ላቦራቶሪ

እኅቴ፣ ያነበቡት እውነት ነው፤ ባለሙያው «ተረት ነው» ማለቱ ስህተት ነበር። ተረቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ድምዳሜ ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት አሲዱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ በሥራዬ የካንሰር ሕዋሳትን በጠርሙስ አሳድጋለሁ። በምናሳድግበት ፈሳሽ ውስጥ ፌኖል ሬድ የሚባል ቀለም አለ። ፈሳሹ አዲስ ሲሆን ሮዝ ያዘለ ቀይ ነው። ዓርብ ማታ በሕዋሳት የተሞላ ጠርሙስ ትቼ ሄጄ ሰኞ ጠዋት ሳወጣው ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፒኤቹ፣ ማለትም ዝቅ ባለ ቁጥር አሲድ መብዛቱን የሚያሳየው ልኬት፣ ከ7 በታች ወርዷል ማለት ነው። እኔ ጠብታ አሲድ አልጨመርኩበትም፤ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ግሉኮስ እየበሉ አሲዱን ያመረቱት ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው። ዕጢውም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ አሲዱ ካንሰሩ ከውጭ የሚቀበለው ሳይሆን ራሱ የሚያወጣው ነው።

ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ያስተዋለው ይህንን ነው። ጤነኛ ሕዋስ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ አንዱን የግሉኮስ ሞለኪውል እስከ መጨረሻው አቃጥሎ 30 ገደማ ኤቲፒ የሚባሉ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውሎች ያተርፍበታል። የካንሰር ሕዋስ ግን ኦክስጅን በአጠገቡ እያለ እንኳ አብዛኛውን ግሉኮስ መንገድ ላይ አቋርጦ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል፤ በዚህ መንገድ የሚያገኘው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ግሉኮስ በብዛት ይስባል፤ ፔት የሚባለው የምስል ምርመራ ዕጢን ለይቶ የሚያሳየውም ይህን የስኳር ረሃብ ተጠቅሞ ነው። ላክቲክ አሲድ ብቻውን ተጠያቂ እንዳይመስልዎት፤ ግሉኮስን ወደ ላክቲክ አሲድ መቀየር የማይችሉ ሕዋሳት የሠሩት ዕጢም አሲዳማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ሕዋሳቱ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። በዚያ ላይ የዕጢው የደም ሥሮች የተጣመሙና የሚያፈሱ ስለሆኑ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወስድ በቂ ፍሰት የለም።

በቁጥር ለማስቀመጥ፣ የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። በዕጢ ሕዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ከ6.5 እስከ 6.9 ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፒኤች በሎጋሪዝም የሚለካ ስለሆነ ከ7.4 ወደ 6.7 መውረድ ማለት አሲድነትን የሚያመጣው ቅንጣት፣ የሃይድሮጂን አዮኑ፣ መጠን 5 እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ተከታታይ አንባቢ

በጣም ጠቃሚ ማብራሪያ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሕዋሱ በገዛ አሲዱ ተከቦ ሳለ ራሱ ለምን አይሞትም?

የሕዋስ ላቦራቶሪ

ምክንያቱም አሲዱን ውስጡ አያስቀምጠውም። በሽፋኑ ላይ ልዩ ልዩ ፓምፖችና በሮች አሉት። ኤንኤችኢ1 የሚባለው ሶዲየም እያስገባ ሃይድሮጂን አዮን ያስወጣል። ኤምሲቲ4 የሚባለው ላክቴትን (የላክቲክ አሲድን ቀሪ ክፍል) ከሃይድሮጂን አዮን ጋር አጣምሮ ወደ ውጭ ያሻግራል። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9 የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ ተቀምጦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ባይካርቦኔትና ወደ ሃይድሮጂን አዮን ይለውጣል፤ ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሲገባ አሲዱ ውጭ ይቀራል። ይህ ኢንዛይም በብዛት የሚመረተው ኦክስጅን ሲያጥር ነው። ሕዋሳት የኦክስጅንን እጥረት የሚያውቁበትን ሥርዓት ያገኙት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ሥራም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ውጤቱ የተገለበጠ ልብስ ይመስላል። በጤነኛ ሕዋስ ውስጡ 7.2 ገደማ፣ ውጭው 7.4 ነው። በካንሰር ሕዋስ ግን ውስጡ 7.4 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን ውጭው ወደ 6.7 ይወርዳል። ስለዚህ «ካንሰር በአልካላይን ውስጥ አይኖርም» የሚለው አባባል በሕዋሱ ውስጥ ካለው እውነታ ጋር ይጋጫል፤ ሕዋሱ ለመከፋፈል የሚመቸው ያ በመጠኑ አልካላይን የሆነው ውስጡ ነውና።

ጉዳቱ የሚደርሰው በጎረቤት ላይ ነው። ሮበርት ጌትንቢና ኤድዋርድ ጋውሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 በሒሳብ ሞዴል እንዳሳዩት፣ አሲዱ ከዕጢው ዳር ወደ ጤነኛው ሥጋ ሲሰርግ ያልለመዱት ጤነኛ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ማያያዣ የሚፈጩ ካቴፕሲን የሚባሉ ኢንዛይሞችም በአሲድ ይነቃሉ፤ በተከፈተው ቦታ ላይ ካንሰሩ ይገባል። ኋላም በአይጦች ላይ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዕጢው ቀድሞ የሚስፋፋው ፒኤቹ ዝቅ ባለበት አቅጣጫ ሆኖ ተገኝቷል። እኔን በዚህ ዘርፍ ያቆየኝ ይህ ግኝት ነው።

ፋርማሲስት

ለጠያቂዋ እኅታችን ስለ ዶክሶሩቢሲን ልጨምር፤ አሲዱ በሕክምና ላይ የሚያደርገው ተጽዕኖ በዚህ መድኃኒት ላይ በግልጽ ይታያልና።

መግል የቋጠረ ጥርስ ላይ ማደንዘዣ ሲወጋ እንደ ልብ አለመደንዘዙን ብዙ ሰው ያውቃል። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ማደንዘዣው ደካማ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ውሁድ) ስለሆነ በተቆጣው አሲዳማ ሥጋ ውስጥ ሃይድሮጂን አዮን ይይዝና የኤሌክትሪክ ሙል ያገኛል፤ ሙል ያለው ሞለኪውል ደግሞ ቅባታማውን የነርቭ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ዶክሶሩቢሲንም ደካማ ቤዝ ነው። ዕጢው ደጃፍ ላይ ያለው አሲድ ያው ሙል ስለሚያሸክመው ከፊሉ ወደ ሕዋሱ ሳይገባ ይቀራል። ሚቶክሳንትሮንና ቪንክሪስቲን የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶችም በዚህ ይቸገራሉ። በአንጻሩ ክሎራምቡሲል የሚባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ደካማ አሲድ በመሆኑ በአሲዳማ አካባቢ የተሻለ ይገባል። በዚህ ላይ የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚተፋው ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ፓምፕ በአሲዳማ አካባቢ ይበልጥ እንደሚሠራ በላቦራቶሪ ታይቷል።

ይህን ሰምተው ግን «እንግዲያው የእናቴ መድኃኒት አይሠራም» ብለው እንዳይደነግጡ። መድኃኒቱ መጠኑ የተወሰነውም ጠቃሚነቱ የተረጋገጠውም ይህ አሲድ ያለባቸው እውነተኛ ዕጢዎች ባሏቸው ሕመምተኞች ላይ ነው። አሲዱ አቅሙን ይሸራርፈዋል እንጂ አያጠፋውም።

ታላቅ ወንድም

ይህን ውይይት እኅቴ ናት የላከችልኝ። ሶዳውን የማጠጣው እኔ ነኝ። የምጽፈው ለመሟገት ሳይሆን እናቴን ላለማጣት ስለምፈልግ ነው።

እናንተው ራሳችሁ አሲዱ ዕጢውን እንደሚያስፋፋ፣ መድኃኒቱንም እንደሚከለክል አረጋገጣችሁ። ዋርበርግም ካንሰር ከአሲድ እንደሚመጣ አግኝቶ ኖቤል ተሸልሟል ሲባል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ሶዲየም ባይካርቦኔት የጠጡ አይጦች የካንሰር ስርጭታቸው ቀንሷል። የእናቴ ሽንት ሲለካ 8 ደርሷል። ይህ ሁሉ እያለ ቁጭ ብዬ ልያት?

የካንሰር ሐኪም

ወንድሜ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ቁጭ ብለው እንዲያዩ የሚፈልግ ሰው እዚህ የለም። ጥናቱን ጠቅሰው ስለመጡ እኔም በጥናቱ ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሸለመው ሕዋሳት ለመተንፈስ በሚጠቀሙበት ኢንዛይም ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ስለ ካንሰርና አሲድ የተሰጠው ሽልማት የለም። ካንሰር የሚነሳው የሕዋሱ አተነፋፈስ ሲበላሽ ነው የሚለው ሐሳቡም አልጸናም፤ በአብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ (በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨው የሕዋሱ ክፍል) እየሠራ እንደሆነ ኋላ ተረጋግጧል።

የጠቀሱት የአይጦች ጥናት እውነተኛና የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ሙሉውን ይመልከቱት። ባይካርቦኔቱ በዋናው ዕጢ ዕድገት ላይ ለውጥ አላመጣም፤ የቀነሰው ወደ ሌላ አካል የሚደረገውን ስርጭት ነው። አይጦቹ የሚጠጡት ውኃ በሙሉ በሊትር 17 ግራም ያህል ባይካርቦኔት የተበጠበጠበት ሲሆን፣ ካንሰሩ ከተወጋባቸው ጥቂት ቀናት በኋላ ጀምረው ሳያቋርጡ ነው የጠጡት። ይህን ወደ ሰው ለማምጣት የተጀመሩ ትንንሽ ሙከራዎች ብዙም ሳይራመዱ ቀርተዋል፤ ተሳታፊዎቹ ጣዕሙንና የሆድ መታወኩን ችለው መቀጠል አልቻሉም። በሰው ላይ ዕድሜ እንደሚያራዝም ያሳየ ጥናት የለም።

አሁን ስለ ሽንቱ። ደም የፒኤች ልኩን የሚጠብቀው በሳንባና በኩላሊት ነው። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ኩላሊት የተረፈውን አሲድ ወይም ባይካርቦኔት ይጥላል። ወረቀቱ ሰማያዊ የሚሆነው የእናትዎ ኩላሊት እርስዎ የሰጧቸውን ባይካርቦኔት አጣርቶ እያስወጣው ስለሆነ ነው። ያ ቀለም ዕጢው አጠገብ ስላለው ፈሳሽ የሚናገረው ነገር የለም። እርስዎ ሲደሰቱበት የቆዩት ምልክት ሶዳው ከሰውነታቸው መውጣቱን የሚያሳይ ነበር። ይህን ስጽፍልዎ እያዘንኩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ማስታወካቸው ነው። ሰው ሲያስታውክ የጨጓራ አሲድ ይወጣል፤ ስለዚህ ደሙ በራሱ ጊዜ ወደ አልካላይን ያዘነብላል፤ ፖታሲየምም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ባይካርቦኔት ሲጨመር ወደዚያው አቅጣጫ ይበልጥ ይገፋል። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ የልብ ጡንቻን ሊያዳክም የሚችል መድኃኒት ስለሆነ የልባቸው ሁኔታ በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1.2 ግራም ገደማ ሶዲየም ይዟል፤ ሁለቱ ማንኪያዎች ብቻ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከመከረው የ2 ግራም የቀን ጣሪያ ያልፋሉ። ሶዳውን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ለሚያክሟቸው ሐኪምም ምን ያህል፣ ለስንት ቀን እንደጠጡ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የደም ምርመራም ይጠይቁ።

በጣሊያን በዚሁ በባይካርቦኔት ካንሰር እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሐኪም ፈቃዱ ተነጥቆ፣ በሕመምተኛ ሞትም ተፈርዶበታል። ይህን ያነሳሁት እርስዎን ከእርሱ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ሰውየው ይሸጥ የነበረው እርስዎ እናትዎን ለማዳን ያለዎትን ጉጉት ነው።

ተከታታይ አንባቢ

ይቅርታ፣ አንድ ዘመዴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከኬሞቴራፒ ጋር ባይካርቦኔት በደም ሥሩ ሲሰጠው አይቻለሁ። እሱስ ምንድን ነው?

ፋርማሲስት

ምናልባት ሜቶትሬክሴት የሚባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሲሰጠው ይሆናል። ሜቶትሬክሴት በአሲዳማ ሽንት ውስጥ ረግቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሽንቱን አልካላይን ለማድረግ ባይካርቦኔት ይሰጣል። እዚያ ዒላማው ሽንቱ ነው፤ ደሙም በየጊዜው እየተመረመረ ነው የሚሰጠው።

ስለ አሲድ ካነሳን አይቀር፣ ለጨጓራ የሚወሰደውን ኦሜፕራዞልንም ለሐኪም ሳይናገሩ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ለምሳሌ ኤርሎቲኒብ የሚባለው የሳንባ ካንሰር መድኃኒት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከኦሜፕራዞል ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን በጣም ይቀንሳል።

የሕዋስ ላቦራቶሪ

ነገሩ በ«አይሆንም» ብቻ እንዳያልቅ የአሲዱን ሌላ ጉዳትና ያለውን ተስፋ ልጻፍ።

ካንሰርን ለይተው የሚገድሉት ቲ ሕዋሳት የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትም ራሳቸው ሲነቁ ግሉኮስ እየበሉ ላክቲክ አሲድ ማስወጣት አለባቸው። ውጭው በላክቲክ አሲድ ሲሞላ ማስወጣት ያቅታቸዋል፤ ታፍነው ሥራቸውን ያቆማሉ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ደግሞ ላክቲክ አሲድ ሲያገኛቸው ከመዋጋት ይልቅ ቁስል እንደሚጠግኑ ሆነው ለዕጢው የደም ሥር እድገት ያግዛሉ። በአይጦች ላይ አሲዱ ሲቀነስ የበሽታ መከላከያ ሕክምናዎች የተሻለ ሠርተዋል።

ስለዚህ መንገዱ ደሙን ሁሉ መቀየር ሳይሆን እዚያው ዕጢው ዘንድ መድረስ ነው። ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9ን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። በአሲዳማ አካባቢ ብቻ ቅርጹን ቀይሮ በሕዋስ ሽፋን ውስጥ የሚሰካ ፔፕታይድም (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ተሠርቷል፤ መድኃኒት ወይም ቀለም ተሸክሞ ዕጢውን ፈልጎ እንዲያገኝ ታስቦ። በቻይና የሚገኙ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የጉበት ዕጢን የሚመግበውን የደም ሥር ሲዘጉ ባይካርቦኔቱን በቀጥታ ወደ ዕጢው በመላክ ጥሩ ምላሽ አይተዋል። እኔ በግሌ በዚህ አቅጣጫ ትልቅ ተስፋ አለኝ።

የካንሰር ሐኪም

በአቅጣጫው እስማማለሁ፤ በፍጥነቱ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። የጉበቱ ጥናት የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። ዕጢውም አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጥግ አሲዳማ ሆኖ ሌላው ጥግ ላይሆን ይችላል፤ አንዱን ፓምፕ ሲዘጉበት በሌላው ይወጣል። የጨረር ሕክምናን የሚያዳክመውም በዋናነት አሲዱ ሳይሆን አብሮት የሚገኘው የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ኦክስጅን ያጣ ሕዋስ በጨረር ለመሞት እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ መጠን ሊፈልግ ይችላል። አሲዱን ብቻ ብናስተካክል ያ ችግር እንዳለ ይቀራል።

አስታማሚ ልጅ

በመጀመሪያ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ በማግሥቱ ጠዋት ራሱ እናቴን ይዞ ሄደ፤ የሶዳውን ማሸጊያም በእጁ ይዞ ነበር። ሐኪሟ አልተቆጣም፤ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ቀን ብሎ ጻፈ። በደም ምርመራው ፖታሲየሟ ከልኩ በታች ሆኖ ባይካርቦኔቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ፖታሲየም ተሰጣት፤ የማስታወክ መከላከያውም ተቀየረላት። ቀጣዩ ዙር ደሟ እስኪስተካከል ድረስ በሳምንት ተገፍቷል።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። የሽንት መለኪያ ወረቀቶቹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ትናንት ማታ «እንግዲህ እኔ ምን ልለካላት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልሰው አጣሁ።

የካንሰር ሐኪም

ለወንድምዎ ይንገሩልኝ፤ የሚለካ ነገር አለ፤ እኛም እንፈልገዋለን። የሰውነት ሙቀታቸውን ጠዋትና ማታ ይለካ። ኬሞቴራፒ ከተሰጣቸው በኋላ ባሉት ቀናት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ያምጣቸው፤ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው በሚያንስበት ጊዜ ትኩሳት የኢንፌክሽን ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላልና። በቀን ስንት ጊዜ እንዳስታወኩ፣ ምን ያህል ፈሳሽ እንደጠጡ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደታቸውን ይጻፍ። እግራቸው ካበጠ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ያንኑ ቀን ይደውል። ደብተሩንም በየቀጠሮው ይዞ ይምጣ።

ታላቅ ወንድም

ደብተሩን ጀምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት 36.7 ነው። አላስታወከችም።